እጅ መስጠት ያልተጻፈለት

መሥሪያ ቤት ውስጥ «ቋጣሪዋ» ነበር የሚሏት። በገንዘብ እንዳይመስላችሁ፤ ምሳ ስትጋብዝ እጇ የማይታጠፍ ሰው ነበረች። የምትቋጥረው ኮድ ነው። ሌላው ፕሮግራመር አንድ ሙሉ ገጽ የሚጽፍበትን ነገር እሷ ሩብ ገጽ ላይ ትጨርሰውና፣ ሩቡን ደግሞ ስታየው ውላ ስታየው ሰንብታ «ይቺ ቃል እዚህ ምን ትሠራለች?» እያለች ትቆርጠዋለች። ባልደረቦቿ ሥራቸውን ሲሰጧት «እባክሽ ስሜን እንዳትቆርጪው» ብለው ይቀልዱባት ነበር።

ኩባንያው ለመጋዘኖች የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ይሠራል። ፕሮግራሙ በየዓመቱ ሲወፍር ሲወፍር ሄዶ፣ የመጋዘን ሠራተኞች ጠዋት ከፍተውት እስኪነሳ ድረስ ሻይ ጠጥተው ይመለሱ ጀመር። አንድ ቀን በስብሰባ ላይ ቋጣሪዋ እጇን አውጥታ፣ አንድ ካርቶን ሳሙና መግባት አለመግባቱን ለማየት ይህ ሁሉ ኮድ ለምን እንደሚያስፈልግ ጠየቀች። ሥራ አስኪያጁ ጨዋ ሰው ነው፤ አልተቆጣም። ፈገግ ብሎ ዘመኑ የትልቅ ነገር ዘመን መሆኑን፣ ኮምፒውተሩ ካልቻለ ደንበኛው ሌላ ኮምፒውተር መግዛት እንዳለበት አስረዳ። ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ቁጭ ብላ የቼዝ ፕሮግራም መጻፍ ጀመረች። ልክ መጽሐፍ በሚታተምበት ፊደል፣ አንድ ወረቀት ላይ፣ በአንድ ገጽ የሚያልቅ የቼዝ ፕሮግራም። ጀርባውን መጠቀም ክልክል ነው። ለምን ቼዝ እንደሆነ ሲጠይቋት፣ ትንሽ ቦታ ላይ አይገባም የሚባል ነገር ስትፈልግ መጀመሪያ የመጣላት እሱ እንደሆነ ትናገራለች። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ እናቷ ናት።

እናቷ ልብስ ሰፊ ነች። የፊተኛው ክፍላቸው ወደ መንገድ የሚከፈት የስፌት ቤት ነው፤ መሬቱ ሁልጊዜ በጨርቅ ቁራጭ የተሸፈነ፣ በአንድ በኩል የስፌት መኪና፣ በሌላ በኩል ሰፊ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ሟቹ ባሏ የተወላት፣ ማራገቢያው እንደ አሮጌ ሰው የሚያጉረመርም ኮምፒውተር። ቼዝ ያስተማራትም ባሏ ነበር። ከሞተ በኋላ አብሯት የሚጫወት ስለጠፋ ከኮምፒውተር ጋር ትጫወት ነበር፤ በኋላ ግን አዳዲሶቹ ፕሮግራሞች ሁሉ ያንን አሮጌ ማሽን ናቁት። አንዱም አልነሳ አለ።

ቋጣሪዋ ፕሮግራሙን ጨርሳ እዚያ ኮምፒውተር ላይ ስትጭነው፣ ጣቷን ከቁልፉ ሳታነሳ ተከፈተ። ስሙንም ከእግሯ ሥር አንስታ «ቁራጭ» አለችው።

ቁራጭ ጎበዝ ተጫዋች አልነበረም። እናቲቱ የሱሪ እግር እያሳጠረች በመሀል ታሸንፈዋለች፤ ደንበኛ ልኬት ሊያስወስድ ሲገባ «አንዴ ቆይ፣ ንግሥቱን ልብላበት» ትላለች። ጎረቤት የልጅ ልጅ መቼ እንደምታይ ሲጠይቃት ደግሞ፣ «አንድ አለኝ፤ ቼዝ ይጫወታል፤ ሞኝ ነው እንጂ» ብላ ትመልሳለች።

ቋጣሪዋ ፕሮግራሙን ማንም እንዲያየው፣ እንዲወስደው፣ እንዲያሻሽለው ኢንተርኔት ላይ በነጻ አስቀመጠችው። የሚያነበው አንድ ሰው እንኳ ካገኘ ብላ ነው። ከየአገሩ ሰው መጣ። ሁሉም የማያውቋት፣ ሁሉም እንደ እሷ ትንሽ ነገር የሚያንገበግባቸው። አንዱ ሁለት ፊደል የሚያሳጥር ዘዴ ይልካል፣ ሌላው ያንን አይቶ በሦስት ያሳጥረዋል። ቀልድም ይልካሉ። ኮዱ መሀል፣ ኮምፒውተሩ የማያነበው፣ ሰው ብቻ የሚያነበው ማስታወሻ ይጻፋል፤ ቁም ነገር ያለበት ቦታ ነው፤ የቁራጭ ግን «ይህን መስመር አትንኩ፤ እኔ ነክቼ ሳምንቴን አጥቻለሁ» ወይም «ፈረሱ ለምን እንዲህ እንደሚዘል እኔም አላውቅም፤ ግን ይዘላል» የሚል ነበር። ቀልዱም ከገጹ ስለሚቆጠር፣ ቀልድ የሚያስገባ ሰው መጀመሪያ ቦታውን ከሌላ መስመር ቆርጦ ማምጣት ግዴታው ነው። ስለዚህ ሰዎቹ ቀልዳቸው እንዲገባላቸው ብለው ጠንክረው ይሠሩ ነበር።

በፊት ቁራጭ ተራው ሲደርስ «እያሰብኩ ነው» የሚል ጽሑፍ ያሳይ ነበር። አንድ የማታውቀው ሰው፣ ይህ ፕሮግራም አስቦ እንደማያውቅ፣ ውሸት ደግሞ ቦታ እንደሚፈጅ ጽፎ ቃሉን አስወጣው። ሌላው ደግሞ «ከሁሉ ያነሰው የቼዝ ፕሮግራም» ብሎ ባዶ ፋይል ላከላት። ውስጡ ምንም የለም። ማብራሪያው፣ ፕሮግራሙ ገና ጨዋታ ሳይጀመር እንደሚሸነፍና እስካሁን አንድም ስህተት እንዳልተገኘበት ይገልጻል። ቋጣሪዋ ከልቧ ስቃ፣ ባዶውን ፋይል ከነማብራሪያው ከቁራጭ ጎን አስቀመጠችው።

እሷም ቦታ ፍለጋ ያላወጣችው ነገር አልነበረም። የቼዝ ፕሮግራሞች ጨዋታው ካለቀላቸው እጅ የሚሰጡበት ክፍል አላቸው። ያንን ስታየው ሁለት መስመር ይፈጃል። ቆረጠችው። በሁለቱ መስመር ፋንታ ወታደር መጨረሻ ሲደርስ ንግሥት እንዲሆን አደረገች። ከዚያ ወዲህ ቁራጭ እስከ መጨረሻዋ እርምጃ የሚጫወት ሆነ፤ ሌላ አያውቅማ።

በዚህ መሀል ኩባንያው ለትምህርት ቤቶች የሚሸጥ የቼዝ ማስተማሪያ ፕሮግራም ጀመረ። «ልዑል» አሉት። ዋናውን ሥራ የሠራው «ምሰሶው» የሚሉት፣ ቁመቱ በር ላይ ጎንበስ የሚያስብለው፣ ዝምተኛ ባልደረባዋ ነው። ልዑል ሙዚቃ አለው፣ የሚናገር ንጉሥ አለው፣ ሰው ሲሸነፍ የሚያጽናና ንግሥት አለችው። ምሰሶው እነዚህን ሁሉ አልወደደም፤ ግን የታዘዘውን ሠራ። ሥራ አስኪያጁ የከተማው የቼዝ ክበብ በሚያዘጋጀው የፕሮግራሞች ውድድር ላይ ልዑልን አስመዘገበ። የትምህርት ቤት ኃላፊዎችንም ጋበዘ። የተሳታፊዎቹን ስም ሲያይ ከልዑል ሥር ቁራጭ አለ፤ ከቁራጭ አጠገብ ደግሞ የገዛ ሠራተኛው ስም።

ቢሮው ጠራትና ወንበር ስቦ አስቀመጣት። በረጅሙ አመሰገናት። ከዚያ፣ ኩባንያው በትልቅ ምርት በሚቀርብበት መድረክ ላይ የራሱ ሠራተኛ በቀልድ ዕቃ ብትቀርብ ለሰው ምን እንደሚመስል አስረዳት። ከውድድሩ በፈቃዷ እንድትወጣ ጠየቃት።

«ቢሸነፍ ለእናንተ ጥሩ አይደለም?» አለችው።

«መሸነፉማ ይሸነፋል። ችግሩ ይስቃሉ።»

«በማን?»

ሥራ አስኪያጁ ወሬውን ለወጠ። ነገሩን እንደ ወንድም እየመከራት እንደሆነ፣ የሚቀጥለው ወር የሥራ እድገት እንደሚታይ አነሳ። ቋጣሪዋ ቅዳሜና እሑዷ የራሷ እንደሆነ፣ የተመዘገበችውም በራሷ ስም እንደሆነ ነገረችው። «አልወጣም» ብላ ተነሳች።

ውድድሩ የተደረገው በአንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። የታጠፉ ወንበሮች፣ ወለሉ ላይ የተዘረጋ ገመድ፣ ግድግዳው ላይ በፕሮጀክተር የሚታይ የቼዝ ሰሌዳ። እናቷ አብራት መጣች፤ ያላለቀ የልብስ ጠርዝ በቦርሳዋ ይዛ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ በእጇ ትሰፋ ነበር። ቋጣሪዋ ያመጣችው ያንኑ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። ሁለት ሰው ተሸክሞት ሲገባ የልዑል ቡድን ልጆች ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ አነሱት።

ቁራጭ የመጀመሪያውን ጨዋታ ተሸነፈ። ሁለተኛውንም ተሸነፈ። በየሽንፈቱ መጨረሻ ስክሪኑ ላይ «ሄጄ አጥንቼ እመጣለሁ» የሚል ጽሑፍ ያወጣል፤ ጽሑፉ ሲወጣ ሰው ይስቃል፤ ቋጣሪዋም አብራ ትስቃለች። እናቷ ግን አልሳቀችም። «ይሄ ልጅ ፈረሱን እንደ ዶሮ ነው የሚለቀው» አለች አጠገቧ ለተቀመጠው ሰው።

ከሰዓት በኋላ ከልዑል ጋር ተገናኙ። የትምህርት ቤት ኃላፊዎቹ የፊተኛው ረድፍ ላይ ነበሩ። ልዑል ጥሩ ተጫወተ፤ ምሰሶው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። የቁራጭን ንግሥት ወሰደ፣ ፈረሶቹን ወሰደ፣ ወታደሮቹን አንድ በአንድ ለቀማቸው። በመጨረሻ በቁራጭ በኩል ብቻውን የቀረ ንጉሥ፣ በልዑል በኩል ንጉሥና ንግሥት ቀሩ። ጀማሪ እንኳ ቢሆን ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ ጥቂት እርምጃ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ተነስቶ ወደ ዳኛዋ ሄደ። ዳኛዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች የሒሳብ አስተማሪ ነች። ጨዋታው አልቋል፣ እንግዶቹም ጊዜ የላቸውም፣ ወጣቷ እጅ ትስጥና ወደ ንግግሩ እንለፍ አላት። ዳኛዋ ወደ ቋጣሪዋ ዞረች።

«እጅ ይስጥ እንዴ?»

«እጅ መስጠት አልጻፍኩለትም።»

«በእሱ ፋንታ አንቺ መስጠት ትችያለሽ፤ ደንቡ ይፈቅዳል።»

ቋጣሪዋ ሥራ አስኪያጁን አየችው፤ ከዚያ እናቷን። እናቷ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ እጇን አቁማለች።

«ይፈቅዳል እንጂ አያስገድድም» አለች ቋጣሪዋ። «ይጫወት።»

ዳኛዋ ትከሻዋን ነቅንቃ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ጨዋታው ቀጠለ። ልዑል ንግሥቱን ወደ ቀኝ ወሰደ። ቁራጭ ንጉሡን አንድ ቤት አራመደ። ልዑል ንግሥቱን ወደ ግራ መለሰ። ቁራጭም ንጉሡን ወደነበረበት መለሰ። ልዑል ደግሞ የራሱን ንጉሥ ሰሌዳው ዳር ለዳር ያንሸራሽር ጀመር። ሰው መጀመሪያ ልዩ ስልት መሰለው። ቆይቶ ግን አንዱ ከኋላ «ምን እያደረገ ነው?» አለ።

ምሰሶው ነው ቀድሞ የገባው። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ልዑል ሰሌዳውን አይቶ ማሸነፉን አረጋግጧል፤ በየትኛውም እርምጃ እንደሚያሸንፍ ያውቃል። ዛሬ ቢያሸንፍ ነገ ቢያሸንፍ ለእሱ ያው ነው፤ በቶሎ አሸንፍ ያለው የለም። ተቃዋሚው እጅ እስኪሰጥ ነው የሚጠብቀው፤ በቢሮ ሲፈትኑት ሌሎቹ ፕሮግራሞች ሁሉ እዚህ ሳይደርሱ እጅ ስለሚሰጡ ይህ ጉድ ታይቶ አያውቅም ነበር።

በቼዝ ደግሞ አንድ ደንብ አለ፤ ሁለቱም ሃምሳ ሃምሳ እርምጃ ሄደው ማንም ምንም ካልበላ፣ ወታደርም ካልተነቃነቀ፣ ጨዋታው እኩል ይወጣል። አዳራሹ ውስጥ ይህን የሚያውቁ ነበሩና መቁጠር ጀመሩ። መጀመሪያ በሹክሹክታ ነበር፤ አርባን ሲያልፉ ግን የማያውቁትም ጭምር አብረው ጮክ ብለው ይቆጥሩ ነበር። ቋጣሪዋ አልቆጠረችም። ዓይኗን ከግድግዳው ሳትነቅል፣ በቁራጭ ፋንታ ትንፋሿን ይዛ ቆማ ነበር። ልዑል ንግሥቱን ያንከላውሳል፤ ያ ብቻውን የቀረ ንጉሥ ከጥግ ወደ ጥግ ይሄዳል፣ ይመጣል። ሃምሳ ሲሞላ ዳኛዋ ተነስታ «እኩል» አለች።

አዳራሹ ተናወጠ። አንዳንዱ ቆሞ አጨበጨበ። የልዑል አጽናኝ ንግሥት በድምፅ ማጉያው «አይዞህ፣ ሌላ ጊዜ ታሸንፋለህ» አለች፤ እኩል ሲወጣ ለማን መናገር እንዳለባት ማንም አልነገራትም ነበርና ለሁሉም ተናገረች። የፊተኛው ረድፍም አልቀረም፤ ከትምህርት ቤት ኃላፊዎቹ አንዷ እንባዋን በመሐረብ ትጠርግ ነበር።

ቁራጭ ውድድሩን መጨረሻ ወጥቶ ጨረሰ። ግማሽ ነጥብ ነበረው።

ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ አንድ ውል ጠበቃት። ቁራጭ የኩባንያው ንብረት መሆኑን፣ ወደፊትም ቤቷ ሆና የምትጽፈው ሁሉ የኩባንያው እንደሚሆን ይናገራል። ከፈረመች የቼዝ ክፍሉን ትመራለች። በእርግጥም መጥፎ ሹመት አልነበረም። ቀልዶቹ ግን ይወጣሉ፤ ኮዱም ለሕዝብ ክፍት መሆኑ ይቀራል።

«የእኔ ብቻ ቢሆን አስብበት ነበር» አለችው። «ግማሹን የጻፉት በመልክ የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው። የእነሱን እንዴት አድርጌ ነው የምሸጥልዎት?»

«እነሱን ማን ይጠይቃቸዋል?»

«እኔ እጠይቃቸዋለሁ። እምቢ ይላሉ።»

ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን ወደ እሷ አስጠጋው። ካልፈረመች አብረው መሥራት እንደሚቸግራቸው ዝግ ባለ ድምፅ ነገራት። ቋጣሪዋ እስክሪብቶውን አንስታ መልሳ ከፊቱ አስቀመጠችው። የልብስ መስቀያው ላይ የነበረ ሹራቧን፣ ኩባያዋንና የራሷን የቁልፍ ሰሌዳ ይዛ ወጣች። ምሰሶው እስከ በሩ ሸኛት። ጎንበስ ብሎ እጇን ጨበጣት።

እናቷ ስትሰማ ደስ አላላትም። የስፌት መኪናውን አቁማ፣ በዚህ ዕድሜዋ ሥራ ፈትታ ቼዝ ልትጫወት እንደሆነ ጠየቀቻት። እናቲቱ ቀኑን ሙሉ አኮረፈች፤ የሰፋችውን ስትተረትር፣ የተረተረችውን ስትሰፋ ዋለች። ወደ ማምሻው ላይ ግን ከመቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ጨርቆቹን ወደ አንድ ወገን ሰበሰበች፤ ግማሹን ጠረጴዛ በጨርቅ ወለወለችው።

«ይሄ ያንቺ ነው» አለቻት። «መቀስ ካልተቀመጠበት ቦታ አልፈሽ እንዳትመጪ።»

ቋጣሪዋ እዚያ ግማሽ ጠረጴዛ ላይ ሥራ ጀመረች። የመጀመሪያዎቹ ወራት ክፉ ነበሩ። ወደ ሌሎች ኩባንያዎች ማመልከቻ ብትልክ ወሬው ቀድሟት ደርሷል፤ «ችግር የምትፈጥረዋ» የሚል ስም ጠበቃት። አንዳንድ ጠዋት ስትነሳ መፈረም ነበረብኝ ትልና፣ ፊቷን ስትታጠብ ይተዋት ነበር። ከዚያ አንድ የእንስሳት ሐኪም ካፖርት ሊያስጠብብ መጣ። ልኬቱን እየሰጠ፣ ክሊኒኩ ያለው ኮምፒውተር አሮጌ በመሆኑ የክትባት ቀጠሮ የሚይዝ ፕሮግራም እንኳ አልቀበል እንዳለው ለእናቲቱ ያማርራል። እናቲቱ ክንዱን ወደ ላይ አንስታ እየለካች «ልጄን አናግራት፤ ትንሽ ነገር ታውቃለች» አለችው። የክሊኒኩ ፕሮግራም በሦስት ሳምንት አለቀ። ሐኪሙ ለወዳጁ ነገረ፤ ወዳጁ ለእህቱ። ሀብት አልመጣም። ሥራ ግን መጣ።

ምሰሶውም ልዑልን አስተካከለ። በቶሎ ማሸነፍ ከዘግይቶ ማሸነፍ እንደሚሻል በአንድ መስመር አስረዳው። በኋላ አንድ ረቡዕ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሥራ ሰዓት፣ በገዛ ስሙ ለቁራጭ ማሻሻያ ላከ። አራት መስመር ወደ አንድ ያሳጠረ፣ አይታው የማታውቀው ዓይነት ንጹሕ ሥራ ነበር። ባተረፈው ቦታም የራሱን ማስታወሻ ጽፎበታል፦ «ይህ የተጻፈው ስለ ትልቅነት በሚደረግ ስብሰባ ላይ ነው።» ቋጣሪዋ ሁለቴ አነበበችውና ተቀበለችው።

በማግሥቱ ሥራ አስኪያጁ ደወለ። ምሰሶው የላከው በኩባንያው ሰዓት የተጻፈ ስለሆነ እንድታወጣው፣ በተለይ ያቺን ማስታወሻ እንድትሰርዝ ጠየቀ። ምሰሶውስ ምን አለ ብላ ጠየቀችው። ምሰሶው «አልሰረዝኩም፣ አልሰርዝም» ብሏል።

«እንግዲያው እኔም አልሰርዝም» አለችው።

ሥራ አስኪያጁ ነገሩን በሕግ እንደሚጠይቅ ነገራት። ድምፁ ውስጥ እንደ ድሮው ፈገግታ አልነበረም። ቋጣሪዋ የስፌት ቤቱን አድራሻ ቀስ ብላ እስኪጽፈው ድረስ ነገረችው፤ ከፋርማሲው አጠገብ፣ አረንጓዴ በር፣ ከጠዋት እስከ ማታ ክፍት። «የሚልኩት ሰው ሲገባ እናቴን እንዳያስደነግጥ፤ መቀስ ይዛ ነው የምትውለው» ብላ ስልኩን ዘጋች።

እናቷ ከስፌት መኪናው ቀና አለች።

«ማነው? የሚያሰፋ ነው?»

«አይደለም እማዬ። የሚያስተረትር ነው።»

«እዚህ አንተረትርም በዪው» አለችና ፔዳሉን ረገጠችው። ቋጣሪዋም ወንበሯን ስባ፣ የእንስሳት ሐኪሙ ወዳጅ የላከውን አዲስ ሥራ ከፈተች።